የጭቃ ሒሳብ

እንጀራዬ ጭቃ መመዘን ነው፤ ሳቁ፣ አልቀየምም፣
ከዚህ የሚጣፍጥ ሥራ በባሕር ዳር አላየሁም።
ማለዳ፣ በሽምብጥ፣ የሞተር ጀልባው ገና ሳይንጫጫ፣
እጭናለሁ ቱቦ፣ ባልዲ፣ ገመድ፣ ደብተር፣ የእርሳስ መቅረጫ።
ጋሽ ሙሄ በቀርከሃ የሐይቁን ወለል ወጋ ሲያደርገው፣
ታንኳዋም ደንገል፣ የሚከፈትላትም ደንገል ነው፤
ዘመድ ለዘመድ መንገድ እንደሚለቀው።

ደንገሉ ቆሟል።
ሥራ የፈታ ይመስላል፣ ጎፈሬውን ነፋስ ሲያበጥረው፤
ሐሰት ነው። አየር እየጠጣ ነው።
የባጃጁን ጥቁር ሳል፣ የጡብ ማቃጠያውን ትኩሳት፣
ከደራ ሜዳ የነደደ ገለባ፣ ከማዶ የከሰለ እንጨት፣
ስሙን የማልጠራው አገር፣ የማላውቀው ፋብሪካ ያስነጠሰው፣
ሁሉም እዚህ ሲደርስ አንድ ነው፤ መልክ የለው፣ ሽታ የለው።
«ቤቶች!» ሳይል ይገባል፣
ደንገሉም የማን ልጅ ነህ ሳይል፣ ከፍቶ ያስቀምጠዋል፤
ፀሐይ ምስክር፣ ውኃ ዋስ ሆነው፣ ይፈራረሙና
ጭስ የነበረው ይቆማል፣ ግንድ ሆኖ፣ ሥር ሆኖ፣ አጥንት አወጣና።

ይሞታልም በወቅቱ።
ግን እንደ ማገዶ አይደለም አሟሟቱ፤
ይጋደማል፣ ይሰጥማል፣ ውኃ ከላይ በሩን ይዘጋል፣
አየር ከሌለ ደግሞ መበስበስም ይሰንፋል።
በዓመት አንድ ጥፍር ውፍረት፣
ጥፍር በጥፍር ላይ፣ ጥቁረት በጥቁረት።
ቱቦዬን ስነቅለው ክንዴን የሚያህል ሌሊት ይወጣል፣
ቀዝቃዛ፣ ቃጫ የበዛበት፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።
«ይኸውልዎ» እላለሁ፣ «እስከ ሁለት ጣት የኔ ዕድሜ ነው፤
ክርኔ ጋ ያለው ደንገል፣ የቅድመ አያቴ ቅድመ አያት ሳይወለድ የቆመ ነው።»
ጋሽ ሙሄ አይቶ ይስቃል፦ «የባንክ ደብተር ነው በለኛ!
ገቢውን ደንገል አስገባ፤ አውጪው ማነው? እኛ?»

አውጪው ወንድሜ ነበር።
ታዘባቸው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቦይ ቀዶ ረግረጉን አጠነፈፈው፣
ለሽንኩርት። አራት ልጅ አለው፤ ማን ደፍሮ ይክሰሰው?
ጭቃው ፀሐይ አየ፣ ተሰነጠቀ፣ ተነፈሰ፤
በክንድ የተቀበረው በስንዝር በስንዝር ተመለሰ።
አንድ ሌሊት ደወለልኝ፦ «መሬቷ ታጤሳለች፣
እሳት አይታይ፣ ነበልባል የለ፣ ከሥር ከሥር ትነዳለች፤
አንተ ጭቃ ታውቃለህ፣ ምን ይሻላል?» አለ።
ደብተሬን ገለጥኩ። ቁጥር ነበረበት። መልስ ግን የለ።

ያጠፋው ክረምት ነው።
ዝናብም ባዶ እጁን አይመጣም፤ አየሩን አዝሎ ይወርዳል፣
ሎሚ እንደነካው ውኃ ኮምጠጥ ብሎ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ይልሳል፤
ድንጋይ ሳይወድ ይሟሟል፣ በሺህ ዓመት አንድ ስንጥር፣
ማንም ሳያጨበጭብ፣ ማንም ሳይቆጥር።
«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉታል፤
ግንዱን አይተው ነው፤ ያላዩት ሸክሙ ይበልጣል፦
ከድንጋይ ጋር የተጋባ፣ የቀለጠ፣ ዝም ያለ ጭሳችን፣
በጨራጨራ በር ወጥቶ፣ ዛጎል ሊሆን ይጓዛል፣ ቀድሞን።

ትናንት የጋሽ ሙሄ ታንኳ ውኃ ጠጥታ ከበደች፣
አራት ወር አገልግላ፣ ደረቷ ላልቶ፣ አረጀች።
ልጁ ዘሃራ ገመዷን ፈታች፦ «ይድረቅ፣ ማገዶ ነው።»
እርሱ ደንገሉን አየ፣ የጓሮውን ጭስ አየ፣ ወደኔ ዞሮ ዝም አለ፤
ቆይቶ በማጭድ ለሁለት ከፈለው።
«ግማሹ ለራታችን» አለ፣ «ግማሹን ለባንክህ ስጠው።»
እስከ ወገብ ገብተን ጎተትነው።
ከእግሬ ሥር ጭቃው አረፋ ተፋ፣ አገሳ፣ ከዚያ ዋጠው።

በረጠበ እጄ ጻፍኩ፣ እርሳሱ እያዳለጠኝ፦
ቀን፣ ሰዓት። ገቢ፦ ግማሽ ታንኳ።
ወጪ የሚለውን ቦታ
ክፍቱን ተውኩት።